የጤና መረጃ የሚያለዋውጥ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ስንሠራ ምን እንምረጥ?

አዲስ አበባ ላይ ተጽፎ፣ አዲስ አበባ ላይ ተሞክሮ፣ ሙከራውን ሁሉ ያለፈ ኮድ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ ከመልእክቱ ውስጥ የታካሚዋን የትውልድ ቀን አንብቦ ለሐኪሙ ያሳያል። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ባልደረባዬ በራሱ ኮምፒውተር ሲከፍተው ግን ማርች 2 ቀን 1985 የተወለደችው የሙከራ ታካሚ ማርች 1 ቀን ተወልዳ አገኛት። ጃቫስክሪፕት ሰዓት ያልተጻፈበት ቀን ሲያገኝ በዓለም አቀፉ ሰዓት የዚያ ቀን እኩለ ሌሊት አድርጎ ይወስደዋል። አዲስ አበባ ከዚያ ሰዓት በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም ቀኑ አይለወጥም። ዋሽንግተን በአራት ወይም በአምስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ገና የትናንቱ ምሽት ላይ ናት። ኮዱ አልቆመም፣ ማስጠንቀቂያ አልሰጠም፣ የተሳሳተውን ቀን በእርግጠኝነት አሳየ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ ሥራ አማራጮችን የማነጻጽረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህኛው መንገድ ምኑን በዝምታ ያጎድላል? ፍጥነቱም፣ የኮዱ ማማርም፣ ታዋቂነቱም ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ባንክ ውስጥ ሒሳብ ሲጎድል ማታ ሲዘጋ ይታወቃል። ከሕመምተኛ መዝገብ የጎደለች አንዲት ቃል ግን ዓመታት ተደብቃ ልትቀመጥና የተሳሳተ መድኃኒት ሲታዘዝ ልትታወቅ ትችላለች። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ክፍት ምንጭ የሆነ የጤና መረጃ ላይብረሪ (ሌሎች በፕሮግራማቸው ውስጥ የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) በጃቫስክሪፕት ለመጀመር ለሚያስቡ ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆኑ እናገራለሁ።

አዲስ መጻፍ ወይስ ያለውን ማገዝ

ሐሳባችሁ ፋየር የተባለውን የጤና መረጃ መለዋወጫ መስፈርት የሚናገር ሰርቨር መጠየቅና መልሱን መቀበል ብቻ ከሆነ አዲስ አትጻፉ። በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የሚገኘው የስማርት ቡድን ያወጣው ፋየርክላየንት አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚንከባከበው፣ በመረጃው ውስጥ ፍለጋ ለማካሄድ የሚያገለግል የፋየርፓዝ ላይብረሪ አለ። የመረጃ ዓይነትን አስቀድሞ በሚፈትሸው የጃቫስክሪፕት ዝርያ፣ በታይፕስክሪፕት የተጻፈው ሜድፕለምም አለ። ሦስቱም ኮዳቸው ክፍት ነው፤ በእነርሱ ላይ አንድ የጎደለ ሙከራ መጨመር ብቻዬን ከምጽፈው አሥር ሺህ መስመር ኮድ የበለጠ ሰው ይጠቅማል።

ክፍተት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከአሮጌው መስፈርት ወደ አዲሱ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ፣ እንዲሁም እንደ እኛ የራሱ የዘመን አቆጣጠርና የራሱ የስም አጠራር ያለው ሕዝብ መረጃ ሲገባበት ብዙ ሥራ ይቀራል። የአዲስ ላይብረሪ ቦታ እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስቱ መስፈርቶች

የጤና መረጃ መስፈርቶችን የሚያወጣው ኤችኤል7 የተባለው ድርጅት በ1987 አሜሪካ ውስጥ ተመሠረተ። በየተራ ያወጣቸው ሦስት የመልእክት አጻጻፎች ዛሬም ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ አዲሱ መጥቶ አሮጌውን አላስወጣውም።

የመጀመሪያው ስሪት ሁለት የሚባለው ነው። እያንዳንዱ መስመር በሦስት ፊደላት ይጀምራል፤ መስኮቹ በቀጥ ያለ መስመር ይለያያሉ። የላብራቶሪ ውጤት፣ የታካሚ መግባትና መውጣት በዓለም ዙሪያ ባሉ ሆስፒታሎች ውስጥ አሁንም በብዛት የሚጓጓዘው በዚህ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ብዙ ሰው «በመለያ ምልክቱ ቆርጬ ማንበብ ነው እንጂ ምን ላይብረሪ ያስፈልገዋል» ይላል፤ እኔም ብዬ ነበር። ችግሩ የሚጀምረው ከራስጌው መስመር ነው፤ በዚያ መስመር ላይ መለያ ምልክቱ ራሱ እንደ አንደኛ መስክ ስለሚቆጠር ዝም ብሎ የሚቆርጥ ኮድ ሁሉንም ቁጥር በአንድ ያዛንፋል። መስመሮቹ የሚያበቁት በባይት 13 ብቻ በመሆኑ የተለመደውን የአዲስ መስመር ምልክት የሚጠብቅ ኮድ መልእክቱን በሙሉ እንደ አንድ መስመር ያየዋል። እነዚህ ሁለቱ ቶሎ ይታያሉ። የሚያስፈራኝ ሦስተኛው ነው። ባዶ መስክ «ስለዚህ የምለው የለኝም፣ የነበረውን ተወው» ማለት ነው። ሁለት የትምህርተ ጥቅስ ምልክቶች ብቻቸውን ሲቀመጡበት «የነበረውን ሰርዝ» ማለት ነው። ሁለቱንም ባዶ ጽሑፍ አድርጎ የሚያነብ ላይብረሪ ወይ መሰረዝ የነበረበትን የቀድሞ ስልክ ቁጥር ያቆያል፣ ወይ ማንም ያልነካውን አድራሻ ያጠፋል።

ግዕዝ ፊደል ለምንጠቀም ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ጽሑፍን በባይት በሚያስቀምጠው በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ስሪት ሁለት መልእክት ብዙ ጊዜ የሚጓጓዘው በባይት 11 ተከፍቶ በ28 እና በ13 በሚዘጋ ፖስታ ውስጥ ነው፤ በኔትወርኩ ላይ ግን ቁርጥራጭ ሆኖ ይደርሳል። መቁረጫው አንድ ፊደል መሐል ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያስኬደው ኖድ ላይ እያንዳንዱን ቁራጭ በደረሰበት ቅጽበት ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ኮድ «ጌታቸው» የሚለውን ስም አንዱን ፊደል በልቶ የጥያቄ ምልክት ይተካበታል። በእንግሊዝኛ ስሞች ብቻ የሚሞክር ሰው ይህን ስሕተት መቼም አያየውም፤ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ነውና መሐሉ የለም። ስለዚህ ፖስታው እስኪዘጋ ድረስ ባይቶቹን እንዳሉ ማጠራቀም፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ማንበብ ይገባል።

ሁለተኛው ሲዲኤ ነው፤ አሁን የሚሠራበት ሁለተኛ እትሙ የ2005 ነው። መረጃን በስም መለያዎች መካከል በሚያስቀምጠው በኤክስኤምኤል የተጻፈ ሙሉ የሕክምና ሰነድ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ታካሚ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ሲሄድ የሚከተለው ማጠቃለያ ብዙ ጊዜ ይህን መልክ ይይዛል። ሲዲኤን ወደ ቀላል የጃቫስክሪፕት ዕቃ (ኦብጀክት) መለወጥ ለጀማሪ ላይብረሪ የሚያጓጓ ሥራ ነው። ነገር ግን በዚህ መስፈርት ውስጥ «የለም» የሚል ቃል በሁለት ቦታ ተደብቋል። አንደኛው የአፍራሽነት ምልክት ነው። «ታካሚው የመድኃኒት አለርጂ የለበትም» የሚለው ዐረፍተ ነገር «አለርጂ» ተብሎ ይጻፍና ከላዩ አፍራሽ መሆኑን የሚገልጽ አንዲት ባሕርይ ይደረግበታል። እርሷን የዘለለ ላይብረሪ ጤነኛውን ሰው ባለ አለርጂ ያደርገዋል። ሁለተኛው የባዶነት ዓይነት ነው። «አልተጠየቀም»፣ «ተጠይቆ አላወቀም»፣ «መረጃ የለም» የተለያዩ ኮዶች አሏቸው። ሦስቱንም በጃቫስክሪፕት ባዶ እሴት የሚተካ ላይብረሪ ነርሷ ጠይቃ ያገኘችውን መልስ ካልተጠየቀ ጥያቄ ጋር እኩል ያደርገዋል። ይህን የሚያቃልል ንድፍ ሳይ እናደዳለሁ፤ ኮዱን ያሳጠረልን የአንድ ሰው ምስክርነት ስለተጣለ ነው።

ሦስተኛው ፋየር ነው። በ2011 ግሬሃም ግሪቭ የተባለው አውስትራሊያዊ ባለሙያ ካቀረበው ሐሳብ ተነሣ። አራተኛው እትም በ2018 መጨረሻ፣ አምስተኛው በ2023 ወጣ። መረጃውን በሽተኛ፣ ምልከታ፣ የመድኃኒት ትእዛዝ እያለ በትናንሽ ክፍሎች ከፍሎ ከጃቫስክሪፕት በወጣው የመረጃ አጻጻፍ በጄሰን ይልካል፤ ለጃቫስክሪፕት ከዚህ የሚቀርብ የለም። ሰነዱም በነፃ ይነበባል። ቢሆንም እርሱም ወጥመድ አለው። በስሕተት የገባ መዝገብ አይጠፋም፤ «በስሕተት የገባ» የሚል ሁኔታ ተለጥፎበት ይቀመጣል፣ ላይብረሪው ካላጣራው እንደ እውነተኛ ውጤት ይታያል። የሌሎችን ትርጉም የሚለውጥ ተጨማሪ መስክም አለ፤ መስፈርቱ ያላወቃችሁትን እንዲህ ያለ መስክ ዘልላችሁ እንዳትቀጥሉ ያዛል። ሌላው ተጨማሪ መስክ ባይገባችሁም ተቀብላችሁት ስትመልሱ እንዳለ ልትመልሱት ይገባል። የሚያውቀውን ብቻ መርጦ የሚይዝ ላይብረሪ ይህን ሁሉ ይጥላል።

እንግዲህ ከየትኛው መጀመር? ተጠቃሚዎቻችሁ የሆስፒታል ውስጥ ሥርዓቶችን የሚያገናኙ ከሆኑ ከስሪት ሁለት ጀምሩ፤ ዛሬ መሬት ላይ ያለው እርሱ ነው። ታካሚው ራሱ መረጃውን በስልኩ የሚያይበት ሥራ ከሆነ ፋየር አራትን ያዙ። አምስተኛው አዲስ ቢሆንም የአሜሪካ የቁጥጥር ደንብ የቆመው በአራተኛው ላይ ነው። በሁለቱ መካከል የመስክ አቀማመጥ ተለውጧል፤ ለምሳሌ የመድኃኒት ትእዛዝ ውስጥ መድኃኒቱ የሚጠቀስበት መንገድ አንድ አይደለም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ እደግፋለሁ ብሎ መጀመር አንዱንም በደንብ አለመደገፍ ነው። ሲዲኤን በሦስተኛ ደረጃ አስቀምጣለሁ፤ ከባድ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን በግማሽ የተሠራ የሲዲኤ አንባቢ ባይኖር ይሻላል ብዬ ስለማምን ነው።

ለሚኒስቴር ወርኃዊ ድምር ሪፖርት መላክ ከሆነ ጉዳያችሁ ከሦስቱም አያስፈልጋችሁም። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የሚሠራበት፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዲኤችአይኤስ2 የራሱ የድር በይነ ገጽ አለው። በቀጥታ እርሱን መጠቀም ይቀላል።

ቁጥር፣ ቀን፣ ስም

ቁጥር ላይ አማራጩ ግልጽ ነው፤ ወደ ጃቫስክሪፕት ቁጥር መለወጥ ወይስ እንደ ጽሑፍ መያዝ። የላብራቶሪ ባለሙያ 1.00 ብሎ ሲጽፍ መሣሪያው እስከ ሁለት ቤት ድረስ መለካቱን መናገሩ ነው። ፋየር ይህ ልዩነት ትርጉም እንዳለው በግልጽ ይናገራል፤ የጃቫስክሪፕት መደበኛ የጄሰን አንባቢ ግን 1 ብሎ ይመልሰዋል። በስሪት ሁለት ደግሞ ከ0.01 በታች የሆነ ውጤት ከፊቱ የማነስ ምልክት ተደርጎበት ሊመጣ ይችላል፤ ወደ ቁጥር ለመለወጥ ሲሞከር «ቁጥር አይደለም» ይሆናል። የካርድ ቁጥርም መጀመሪያው ላይ ያሉት ዜሮዎች ይወድቃሉ። እኔ ያለማመንታት ጽሑፉን እመርጣለሁ። መጀመሪያ የመጣውን እንዳለ ያዙ፤ ሒሳብ ለሚፈልግ ሰው ቁጥር የሚመልስ የተለየ ተግባር ስጡት። ለዚህ የራስን የጄሰን አንባቢ መጻፍ ወይም የቁጥሩን ጽሑፍ የሚጠብቅ አንባቢ መዋስ ይጠይቃል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል። መቀነሱን እቀበለዋለሁ።

ቀን ላይም ተመሳሳይ ነው፤ ለእኛ ግን ይጠልቃል። ፋየር ዓመት ብቻ፣ ዓመትና ወር ብቻ መጻፍ ይፈቅዳል፤ የጃቫስክሪፕት የቀን ዕቃ ግን አይፈቅድም፣ 1985 ብቻ ያለውን ጃንዋሪ 1 ያደርገዋል። አሁን አንዲት እናት «የተወለድኩት በ1980 ነው» ብላ በእኛ አቆጣጠር ተናገረች እንበል። ያ ዓመት በአውሮፓውያኑ ከሴፕቴምበር 12 ቀን 1987 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1988 ይዘልቃል። በፋየር አንድ ዓመት ብቻ ጻፉ ስንባል የትኛውን እንጻፍ? ሁለቱም ግምት ነው። ሰባት መደመር ወይም ስምንት መደመር የሚባለው የቢሮ ልማድ መታወቂያ ላይ የማይገጥም ዕድሜ ሊያስቀምጥ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። እኔ የምመክረው ሴትየዋ የተናገረችውን ዓመት ከአቆጣጠሩ ስም ጋር በተጨማሪ መስክ ማስቀመጥ፣ ከጎኑም የሚያካትተውን የጊዜ ወሰን መጻፍ ነው። ሙሉ ቀን ካለ መለወጡ ችግር የለውም። ጃቫስክሪፕት ራሱ ኢንትል በተባለው ክፍሉ ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያሳያል፤ የሰው ጽሑፍ ግን መልሶ አያነብም። ቴምፖራል የሚባለው አዲሱ የቀን አያያዝ ሥራውን ያቀላል፤ ሆስፒታል ያሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ግን አያውቁትም። ስለዚህ ጳጉሜን የሚያውቅ አነስተኛ የቀን መለወጫ በላይብረሪው ውስጥ መያዝ ተገቢ ነው።

ስም ላይ ፋየርም ስሪት ሁለትም የቤተሰብ ስምና የተሰጠ ስም ብለው ይለያሉ። የእኛ አባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም። አሜሪካ የገባ ሰው አንዱ ቅጽ ላይ የአባቱ፣ ሌላው ላይ የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖበት በሁለት ሆስፒታል ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። ላይብረሪው ይህን ሊፈታው አይችልም፤ እንዳያባብሰው ግን ይችላል። ሙሉ ስሙን እንደተጻፈ የሚይዘውን መስክ ሁልጊዜ ሙሉት፤ በክፍተት ቆርጣችሁ ክፍሎችን አትገምቱ። «ኃይለ ማርያም» እና «ወልደ ሥላሴ» ከነክፍተታቸው አንድ ስም ናቸው።

ታይፕስክሪፕት፣ የተዋስነው ኮድ

ታይፕስክሪፕት ወይስ ተራ ጃቫስክሪፕት በሚለው ላይ ብዙ አልከራከርም፤ ታይፕስክሪፕት ይሻላል። የፋየር ክፍሎች ብዙ ናቸው፣ የመስኮቻቸውን ስም በቃል የሚያውቅ የለም። ብቻ አንድ ነገር እንዳይረሳ፤ የታይፕስክሪፕት ቁጥጥር ኮዱ ሲተረጎም ይጠፋል። ከሆስፒታሉ ሰርቨር የሚመጣውን መረጃ የሚፈትሽ ኮድ ለብቻው መጻፍ አለበት።

ከሌሎች የምንዋሰው ኮድ ግን ረዘም ያለ ሐሳብ ይፈልጋል። በማርች 2016 ሌፍትፓድ የምትባል አሥራ አንድ መስመር ኮድ ከጃቫስክሪፕት ጥቅሎች ማከማቻ ከኤንፒኤም በመነሣቷ ብዙ ሥራዎች መገንባት አቆሙ። በ2018 ደግሞ ኢቨንትስትሪም የተባለውን ጥቅል ለመንከባከብ ፈቃደኛ ሆኖ የቀረበ ሰው ገንዘብ የሚሰርቅ ኮድ አስገባበት፤ ዒላማው የቢትኮይን ቦርሳ ነበር። በታካሚ መረጃ መንገድ ላይ የቆመ ላይብረሪ ላይ እንዲህ ቢደርስ ብላችሁ አስቡ። ስሪት ሁለትን ለማንበብ ምንም መዋስ አያስፈልግም። ኤክስኤምኤልን ግን ራሳችሁ አትጻፉ፤ የሰነዱን ውስጣዊ ትርጓሜዎች ተጠቅሞ የሰርቨሩን ፋይል የሚያስነብብ ጥቃት በደንብ የሚታወቅ ነው፣ እርሱን የሚዘጋ በቂ ልምድ ያለው አንባቢ መዋስ ይበልጣል። አንድ ብቻ፣ ስሪቱ የታሰረ፣ ኮዱን ያነበባችሁት።

ፈቃድ

ኤምአይቲ የተባለው ፈቃድ አጭር ነው፣ ማንም ይረዳዋል። አፓቼ 2.0 ደግሞ አስተዋፅኦ ያደረገው ሰው የፓተንት መብቱን አብሮ መስጠቱን በጽሑፍ ያስቀምጣል፤ የጤና ኩባንያዎች ጠበቆች ይህን ሲያዩ ይረጋጋሉ። ኤምፒኤል 2.0 በመካከል ነው፦ የእናንተን ፋይል ያሻሻለና ያሰራጨ ማሻሻያውን ክፍት ማድረግ አለበት፣ የራሱን ፋይሎች ግን ሊዘጋ ይችላል። ኬንያና ሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚሠሩበት የሕክምና መዝገብ ሥርዓት ኦፕንኤምአርኤስ ይህንኑ ፈቃድ የጤና አጠቃቀምን የሚመለከት የኃላፊነት መግለጫ ጨምሮበት ይጠቀማል፤ መግለጫው ለሁላችንም መልካም አርአያ ነው። አሻሽሎ በኔትወርክ አገልግሎት የሚሰጥበትን እንኳ ኮዱን እንዲከፍት የሚያስገድደውን ኤጂፒኤልን ለላይብረሪ አልመርጥም፤ ሆስፒታሎች ሳይሞክሩት ይሸሹታል።

የእኔ ምርጫ አፓቼ 2.0 ነው። ሆኖም ፈቃድ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ እናውቃለን። ለዓመታት የሆስፒታሎችን መልእክት ሲያሻግር የኖረው ሚርዝ ኮኔክት በ2025 ከ4.6 ስሪት ጀምሮ ክፍት መሆኑ ቀረ። የቀድሞውን ኮድ ይዘው የቀጠሉ ሰዎች ሥራውን ማዳን የቻሉት አሮጌው ፈቃድ ስለፈቀደላቸው ነው። የኮዱን ባለቤትነት በአንድ ኩባንያ እጅ ከማስቀመጥ በአስተዋፅኦ አድራጊዎቹ መካከል ተበትኖ ቢቆይ ይሻላል።

የኮዳችሁ ፈቃድ የበሽታና የምርመራ መለያ ኮዶችን አይሸፍንም። የምርመራ መለያ የሆነው ሎይንክ በነፃ ይገኛል፣ የራሱ የአጠቃቀም ውል ግን አለው። የሕክምና ቃላት መለያ የሆነው ስኖሜድ ሲቲ በአባል አገሮች ላይ የተመሠረተ ፈቃድ ይጠይቃል። የሕክምና አገልግሎት መለያ የሆነው ሲፒቲ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ንብረት ነው፣ ይከፈልበታል። ዝርዝራቸውን በላይብረሪው ውስጥ አታስገቡ፤ ተጠቃሚው የራሱን እንዲያገናኝ በር ክፈቱለት።

የሙከራ ታካሚዎች

ላይብረሪው ሥራ ላይ በዋለ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው «ይህ መልእክት አልተነበበልኝም» ብሎ የእውነተኛ ሰው ውጤት ከነስሙ ኮድ በይፋ በሚጋራበት ድረ ገጽ ጊትሃብ ላይ ይለጥፋል። በቅን ልቦና ነው የሚያደርገው፤ ጉዳቱ ግን የታካሚው ነው። የታካሚ መረጃን በሚጠብቀው በአሜሪካው ሂፓ ደንብ መሠረት ከመረጃ ውስጥ መውጣት ያለባቸው 18 ዓይነት መለያዎች አሉ፤ እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ጸንቷል። «አትለጥፉ» የሚል ማስታወቂያ ብቻውን አይበቃም። ስምን በሐሰተኛ ስም፣ ቀንን በተዛወረ ቀን እየተካ የመልእክቱን ቅርጽ ግን የሚጠብቅ ትእዛዝ ከላይብረሪው ጋር አውጡ፤ ችግር ዘጋቢው መጀመሪያ እርሱን እንዲያስኬድ ጠይቁ።

ለራሳችሁ ሙከራ ማይተር የተባለው ድርጅት ያወጣው ሲንቴያ በነፃ ሰው ሠራሽ ታካሚ ይፈጥራል። ሳይነካ ሲሠራ የሚፈጥራቸው ሰዎች የማሳቹሴትስ ነዋሪዎች ናቸው፤ ስማቸው በላቲን ፊደል ነው፣ የትውልድ ቀናቸው የተሟላ ነው። ስለዚህ በእነርሱ ላይ የራሳችሁን ጨምሩ። ስሟ «ወለተ ኪዳን» የሆነች፣ ዓመቷን በእኛ አቆጣጠር ብቻ የምታውቅ እናት። ጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ። ውጤቱ 1.00 የሆነ ሰው፣ ሌላው ከ0.01 በታች የሆነ። አለርጂ እንደሌለበት የተረጋገጠ አንድ፣ ጭራሽ ያልተጠየቀ ሌላ አንድ። መሰረዝ ያለበት ስልክ ቁጥር ያላቸው አዛውንት። ሙከራዎቹንም አንዴ በአዲስ አበባ፣ አንዴ በዋሽንግተን የሰዓት ቀጠና አስኪዷቸው። እነዚህን ሰባት ሰዎች ከኮዱ የመጀመሪያ መስመር በፊት ጻፏቸው።